ሁሉንም እየቀመስኩ ነው፤ የትኛውን ልያዝ?

በዚህ እትም ከጅማና ከአካባቢዋ ከደረሱን ጥያቄዎች በሥነ ጥበብና ዲዛይን ሥልጠና ላይ ያተኮሩትን አንድ ላይ አቅርበናል።

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ የአንድ ዓመት የሥነ ጥበብና ዲዛይን ሥልጠና ጀምሬያለሁ። በየሦስት ሳምንቱ ዘርፍ እንቀይራለን፤ ንድፍ፣ ኅትመት፣ ግራፊክስ፣ ፎቶግራፍ፣ ሸክላ፣ ጨርቃ ጨርቅ። እጄ አንዱን መልመድ ሲጀምር ሌላው ይመጣል። ዓመቱ ሲያልቅ አንዱን መርጬ ፖርትፎሊዮ (የሥራዎቼን ስብስብ) ማቅረብ አለብኝ፤ እስካሁን ግን የኔ ነው የምለው የለም። በምን ልወስን?
ት. ነኝ፣ ከአጂፕ ሰፈር

መልስ፦ ሥራዎችሽን ማወዳደር የምትችዪበት መንገድ ስለሌለሽ ነው የተቸገርሽው። ለንድፍ ማሰሮ፣ ለኅትመት አበባ፣ ለፎቶ ጓደኛሽን ከመረጥሽ፣ ደስ ያለሽ ዘርፉ ይሁን ጓደኛሽ መለየት ያቅትሻል። አንድ ነገር ምረጪና በሁሉም ዘርፍ እሱኑ ይዘሽ ዙሪ። የእኛ ምርጫ የጅማ በርጩማ ነው። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ፣ ባለ ሦስት እግር፣ መቀመጫው ጎድጎድ ያለ ዕቃ ነው። ክብ አለው፣ በእግሮቹ መካከል ክፍተት አለው፣ የእንጨቱ መስመር ይታያል፤ ለመበደርም ሩቅ መሄድ አያስፈልግሽም።

ለንድፍ ከበርጩማው ቁመት ሦስት እጥፍ ያህል ርቀሽ ተቀመጪ፤ በጣም ከቀረብሽ የፊተኛው እግር ያለ ልክ ይገዝፋል። በኤ3 ወረቀት ላይ በከሰል ሁለት ሁለት ደቂቃ የሚወስዱ አሥር ንድፎች ሥሪ፤ ከዚያ በእርሳስ አንድ የሁለት ሰዓት ንድፍ። ጀማሪ የሚሳሳተው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛ፣ የመቀመጫውን ክብ በጎን ሲያየው ሁለቱን ጫፎች ያሾላቸዋል፤ ክብ በየትኛውም ማዕዘን ቢታይ ጫፉ አይሾልም። ሁለተኛ፣ ሦስቱንም እግሮች በአንድ አግድም መስመር ላይ ያሳርፋል፤ ወደ አንቺ የቀረበው እግር ወረቀቱ ላይ ዝቅ ብሎ ነው የሚያርፈው። እርሳስሽን ቀጥ አድርገሽ ያዢና አንድ ዓይንሽን ጨፍነሽ ከመቀመጫው ጠርዝ ወደ ታች ለኪ፤ ስህተቱ ወዲያው ይታይሻል።

ኅትመትን ብዙ ተማሪ በችኮላ ይጠላዋል፤ እኛ ደግሞ ትዕግሥት ይገባዋል ባዮች ነን። ሊኖሊየም (ለኅትመት የሚቀረጽ ለስላሳ ንጣፍ) ካላገኘሽ ካርቶን ይበቃሻል። የበርጩማውን ቅርፅ ከካርቶን ቆርጠሽ በሌላ ጠንካራ ካርቶን ላይ በኮላ ለጥፊ። ከሥሩ የሚነሳው ከፍታ ከ2 ሚሊ ሜትር አይብለጥ፤ ከበለጠ ጠርዙ ወረቀቱን ይቀደዋል። ላዩን ሁለቴ ቫርኒሽ ቀቢና አንድ ቀን ሙሉ አድርቂው። ይህን የዘለለ ሰው ካርቶኑ ቀለሙን ይጠጣበታል፣ ወረቀቱም ይጣበቅበታል። ቀለሙን በመስታወት ላይ በሮለር አሳሺው፤ ሲሳሳ ሮለሩ ቀጭን፣ ተከታታይ የመንሿሿት ድምፅ ያሰማል። ድምፁ ወፍሮ የሚንጨፈጨፍ ከሆነ ቀለሙ በዝቷል ማለት ነው። ካርቶኑን ከቀባሽ በኋላ ስስ ወረቀት አልብሺውና በማንኪያ ጀርባ ከመሐል ወደ ዳር እሺው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቅጂዎች ገርጥተው ቢወጡ አትደንግጪ፤ ካርቶኑ ገና ቀለም እየያዘ ነው። ከዚያ በኋላ ክፍተቶቹ ከተደፈኑ ቀለም ቀንሺ፤ ነጫጭ ቦታ ከቀረ እሽታው አላዳረሰም፤ ጠርዙ ድርብ ከሆነ ወረቀቱ ተንቀሳቅሷል። ጽሑፍ ከጨመርሽ ተገልብጦ እንደሚታተም አስቢና በግልባጩ ቁረጪው።

ለግራፊክስ በርጩማውን በአንድ ቀለም ወደ ምልክት ቀይሪና በ10 ሴንቲ ሜትርና በ1 ሴንቲ ሜትር አትሚው። በትንሹ ላይ የእግሮቹ ክፍተት ከጠፋ ክፍተቱን አስፊ፤ የእንጨቱን መስመር ደግሞ ተይው። ፎቶው በስልክሽ ይበቃል፦ በመስኮት ብርሃን፣ በጥላው በኩል ነጭ ወረቀት አቁመሽ፣ ቀረብ ሳይሆን ራቅ ብለሽ አንሺ። ሸክላና ማቅለም ላይ የደረሱን ጥያቄዎች ከታች ስላሉ እዚያው አንብቢያቸው።

አሁን ወደ ውሳኔው። ለየዘርፉ በደብተርሽ ላይ የተጠቀምሽበትን ዕቃና መጠን፣ የወሰደብሽን ሰዓት፣ የተበላሸውንና ምክንያቱን በዕለቱ መዝግቢ። ዙሩ ሲያልቅ በጣም ያማረው የትኛው ነው ብለሽ አትጠይቂ፤ በሦስት ሳምንት የሚያምረው አብዛኛውን ጊዜ ቀላሉ ነው። ማንም ሳያዝሽ ደግመሽ የሠራሽው የቱ እንደሆነ ከደብተሩ ፈልጊ። የዘርፉን አድካሚ ክፍልም መዝኚ። ሸክላ እስኪደርቅና እስኪቃጠል መጠበቅ ነው። የኅትመት ሰው ግማሽ ቀኑን ቀለም ሲያጸዳ ይውላል። ግራፊክስ የደንበኛን እርማት ደጋግሞ መቀበል ነው። ያን ክፍል ሳታማርሪ የሠራሽበት ዘርፍ ላይ ብትቆዪ ይሻልሻል። ፖርትፎሊዮሽ ውስጥ ያለቀውን ብቻ ሳይሆን ወደዚያ ያደረሱሽን ሙከራዎችም አስገቢ፤ መምህራን አስተሳሰብሽን የሚያዩት እዚያ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ አቡጀዲ በእርድና በቡና አተላ አቀለምኩ። ሲደርቅ ያምር ነበር፤ በሁለት እጥበት ግን ቡናው ሊጠፋ ምንም አልቀረው፣ እርዱ ደግሞ ሳሙና ሲነካው ቀላ። ምን አጎደልኩ?
ሀ.፣ ጅማ

መልስ፦ ለቡናው ቅድመ ዝግጅቱን ነው ያጎደልከው። አዲስ አቡጀዲ ከፋብሪካ ስታርችና ቅባት ይዞ ስለሚመጣ ቀለሙ ክሩ ውስጥ አይገባም። ለ100 ግራም ጨርቅ 4 ሊትር ውኃ፣ ጥቂት ሳሙናና አንድ የሾርባ ማንኪያ የልብስ ሶዳ ጨምረህ ለአንድ ሰዓት ቀቅለው፣ ከዚያ ውኃው እስኪጠራ ድረስ አለቅልቀው። የውኃ ጠብታ ስትጥልበት ወዲያው ከጠጣው ተዘጋጅቷል፤ ጠብታው ላዩ ላይ ከቆመ ድገመው።

ጥጥ እንደ ሱፍ ቀለምን በራሱ አይይዝም፤ ቀለም ለማስያዝ የሚጨመረው አሉም የሚባለው ጨው ብቻውንም በጥጥ ላይ ደካማ ነው። መጀመሪያ 20 ግራም የሻይ ቅጠል አፍልተህ፣ አጥልለህ፣ ጨርቁን ሌሊቱን እዚያ ውስጥ አሳድረው። በማግስቱ ውኃ ለማጣራት ከሚያገለግለው አሉም 15 ግራም በሙቅ ውኃ አሟሟና ለሌላ ሌሊት ንከረው። በሦስተኛው ቀን ወደ ቀለሙ ግባ፦ 200 ግራም የደረቀ የቡና አተላ አንድ ሰዓት ቀቅል፣ አጥልል፣ ጨርቁን ጨምረህ ሌላ አንድ ሰዓት በቀስታ አሙቅ፣ ከዚያም እዚያው ውስጥ እያለ ቀዝቅዞ ይደር። ካላጠለልከው አተላው የሚያርፍበት ቦታ ሁሉ ነጠብጣብ ይሆናል። ጅማ ከፍ ያለ ቦታ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ለባሕር ዳርቻ አገር የተጻፈ መመሪያ 45 ደቂቃ ካለህ አንተ አንድ ሰዓት አድርገው።

ጠቆር ያለ ቀለም ከፈለግህ የዛገ ሚስማር በአቼቶ ውስጥ ለአንድ ሳምንት አቆይና ከፈሳሹ አንድ የሾርባ ማንኪያ በአንድ ባልዲ ውኃ በጥብጥ። ጨርቁን ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነክረህ አውጣ፤ ቡናማው ወደ ግራጫ ይሄዳል። ብረት ሲበዛ ክሩን ስለሚበላው አታብዛ። ለማቅለም የተጠቀምክበትን ድስት ወደ ማእድ ቤት አትመልሰው።

እርድ ላይ ግን ተስፋ አንሰጥህም። ቢጫው በማንኛውም ዝግጅት ፀሐይ ላይ ይገረጣል፤ የሳሙና አልካሊ ሲያገኘውም ይቀላል። ለናሙና ተጠቀምበት፤ ለሚሰቀል ወይም ለሚለበስ ሥራ በሽንኩርት ልጣጭ ተካው፤ በአሉም ከተዘጋጀ ጨርቅ ላይ ወርቃማ ቢጫ ይሰጥሃል።

ጥያቄ፦ የሸክላ በርጩማ ሠርቼ ስናቃጥለው ሁለት እግሮቹ ጠፉ። አየር ገብቶበት ነው አሉኝ።
መ.፣ ሊሙ ገነት

መልስ፦ ስብርባሪውን እዪው። ተበታትኖ ከሆነ ምክንያቱ አየር ሳይሆን እንፋሎት ነው፤ በአፈሩ ውስጥ የቀረ ውኃ በድንገት ፈልቶ ገፍቶታል። እግሩ ሙሉ ሆኖ ከመገጣጠሚያው ከወደቀ ደግሞ ችግሩ ማጣበቁ ላይ ነው፦ ሁለቱም ወገን እኩል እርጥብ መሆን፣ መጫርና በጭቃ ውኃ መቀባት አለባቸው። ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ የወፈረ እግር ከሆነ ውስጡን ቦርቡሪው። አፈሩ ላይ ከአሥር እጅ እስከ ሃያ እጅ የተፈጨ ገል ቀላቅይ፤ ውኃው መውጫ ያገኛል። በክረምት ላላ ባለ ፕላስቲክ ሸፍነሽ ሁለት ሳምንት ያህል አቆዪውና በየቀኑ መዝኚው፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል። ያኔም ቢሆን ወደ እሳቱ ከመግባቱ በፊት ዳር ላይ እያገላበጥሽ ሁለት ሦስት ሰዓት አሙቂው።

ጥያቄ፦ ልጄ ከዚህም ከዚያም እየነካካ ዓመቱ ሊያልቅ ነው። አንድ ሙያ ሳይዝ ገንዘቤ ባክኖ ይሆን?
አባት፣ ጅማ

መልስ፦ አልባከነም፤ ስጋትዎ ግን ይገባናል። የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ወደ እንግሊዝ የተላኩት ለማዕድን ምህንድስና ነበር። ለንደን ውስጥ ሥዕል፣ ቅርፃ ቅርፅና አርክቴክቸር ተማሩ፤ በአፍሪካ አዳራሽ ያለው 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕልም፣ እስከ 2012 ዓ.ም. ሐረር ቆሞ የነበረው የራስ መኮንን ሐውልትም የእሳቸው እጅ ሥራዎች ናቸው። ብዙ ዘርፍ መንካት የሚጎዳው ምንም ሳይጨርሱ ሲያልፉ ነው። ስለዚህ ልጅዎን ውጤት ከመጠየቅ ይልቅ ደብተሩን እንዲያሳይዎት ይጠይቁት፤ በየዘርፉ አንድ ያለቀ ሥራና የስህተቱ ማስታወሻ ካለ በትክክል እየተማረ ነው። ከዚህ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው «አለ» የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት፣ ወደ ባሕር ዳሩ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ወይም ወደ አርክቴክቸር መሄድ ይፈልግ ይሆናል። ሥዕል ለመማር የሚያመለክት ሰው በመግቢያ ፈተና ላይ እየተመለከተ መንደፍ ስለሚጠበቅበት፣ የትኛውንም ዘርፍ ቢመርጥ በየቀኑ የግማሽ ሰዓት ንድፉን እንዳያቋርጥ ይንገሩት።