ኤልሳት ለምታስጠኑ ልጆች

ልጆች፣ ከሕግ ትምህርት ቤት ገና መውጣታችሁ ነው። ሥራ እስኪገኝ ብላችሁ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ተማሪ ይዛችሁ ታስጠናላችሁ፤ አሜሪካ ሄዶ ሕግ ለመማር ለሚያስበው ደግሞ ኤልሳትን (LSAT)፣ የዚያ አገር ሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተናን። ጥሩ ሥራ ነው። ግን ታዝቤያችኋለሁ፣ ወሬ ታበዛላችሁ።

ኤልሳት የሕግ እውቀት አይጠይቅም። እዚያ አገር ሕግ የሚገባው የመጀመሪያ ዲግሪ ከያዙ በኋላ ነው፣ እንደኛ ከ12ኛ ክፍል ቀጥሎ አይደለም። ስለዚህ የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን አንቀጽ በቃሉ የሚወጣ ልጅም እዚያ ጥቅም አያገኝበትም። ፈተናው ምንባብ ይሰጣል፣ ክርክር ይሰጣል፣ ከዚያ ‹‹ከዚህ ምን ይከተላል? ሰውየው የቱ ጋ ሳተ?›› ይላል። ማን ከማን አጠገብ ይቀመጣል የሚለው የድሮው እንቆቅልሽ እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2024 ጀምሮ ቀርቷል፤ አሮጌ መጽሐፍ ፎቶኮፒ አድርጋችሁ ልጁን በከንቱ አታድክሙት።

አንዷን ተማሪዬን እንዲህ አልኳት። ጭጋግ ከወረደ ከኮምቦልቻ የሚመጣው ሚኒባስ ይዘገያል። ዛሬ ዘግይቷል። ስለዚህ ጭጋግ ወርዷል። ልክ ነው? ‹‹ልክ ነው ጋሼ›› አለች። ዝም አልኩ። እኔ ዝም ስል ጣሪያውን አየች፣ እስክሪብቶዋን ነከሰች፣ ከዚያ ‹‹ወይ ጎማ ፈንድቶ ይሆናላ!›› ብላ ራሷ ሳቀች። በቃ፣ ገባት። እናንተ ብትሆኑ እዚያች ዝምታ ላይ የግማሽ ሰዓት ሌክቸር ትጀምሩ ነበር።

ያንኑ ዓይነት ጥያቄ በእንግሊዝኛ ስሰጣት ግን ሳተችው። ዓረፍተ ነገሩ ረጅም ነው፣ መሀል ላይ ጠፋባት። እንዲህ ላለች ልጅ ሎጂክ ብትደራርቡባት ምን ይሠራላታል? የሚያስፈልጋት ማንበብ ነው፣ ያውም ብዙ። ሌላው ደግሞ እንግሊዝኛው እንደ ውሃ ይፈስሳል፣ የሚኒባሱን ጥያቄ በአማርኛ ስትጠይቁት ግን ድርቅ ብሎ ይከራከራል። የሁለቱ መድኃኒት ለየቅል ነው። ስለዚህ የተሳተውን ጥያቄ ሁሉ መጀመሪያ በአማርኛ አስረዱኝ በሏቸው። መልሱ ለምን ‹‹ለ›› እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ‹‹ሐ›› ለምን እንዳልሆነም ይንገሯችሁ። አያቶቻችን በላ ልበልሃ ሲባባሉ የኖሩበት አገር ነው፣ ክርክሩስ አይጠፋንም።

ሰዓት መያዝ በኋላ ይደርሳል። አንዱ ክፍል 35 ደቂቃ ነው፤ መጀመሪያ ያለ ሰዓት ይሥሩ፣ ማሰቡን ሲለምዱ ታጠብቃላችሁ። ከአራቱ ክፍሎች አንዱ አይታረምም፣ የትኛው እንደሆነ ግን አይታወቅም፤ ‹‹ይሄ ሳይሆን አይቀርም›› ብሎ የሚተኛ ልጅ አይጠፋምና አስጠንቅቁት። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ ስለማይቀነስ ባዶ የሚተው ጥያቄ አይኑር።

ወላጅ ሲደውል ‹‹170 አስመጣዋለሁ›› አትበሉ። ውጤቱ ከ120 እስከ 180 ነው፣ ልጁ የት እንደሚቆም እናንተም አታውቁም። የሠራውን ወረቀት አሳዩአቸው፣ ይበቃል። አብሽሩ፣ ይገባቸዋል። የወሩን ክፍያ ግን በጊዜው ተቀበሉ፤ የሠፈር ልጅ ነው እያላችሁ ስታፍሩ ሁለት ወር ሦስት ወር ይደራረብና ያኔ መጠየቁ ይብሳል።