የመጨረሻውን ምዕራፍ በጥቅምት ጀምረው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህርት። በሰሜን ሸዋ፣ በአንዲት የወረዳ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ12ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ሎዴ በሳምንት 25 ፔሬድ ነው። ርዕሰ መምህራችን በመጪው ዓመት ሒሳብ፣ ሳይንስና ቢዝነስ እናጠናክራለን ብለዋል። ቅዳሜ ቱቶሪያል ሊኖር ነው። የኢኮኖሚክስ መምህራችን ሥራ ስለለቀቀ ደግሞ የ9ኛን ኢኮኖሚክስ ደርበህ ያዝ ተብያለሁ። «ያው ቁጥር አይደለም እንዴ?» ይሉኛል። ነገሩ ለልጆቹ እንደሚጠቅም አምናለሁ፤ ግን ደክሞኛል። እምቢ ልበል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የርዕሰ መምህርህ ጭንቀት ይገባኛል። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ልጆች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። ቢሆንም ከአሥሩ ዘጠኙ አሁንም አያልፉም። ይህን እያየ ዝም የሚል ርዕሰ መምህር ቢኖር ነበር የምሰጋው። ስለዚህ ቢሮአቸው ስትገባ ለሙግት አትግባ።

እኔ ግን ትምህርት ይስፋፋ ሲባል መጀመሪያ የምጠይቀው መምህሩ በምን ሰዓት ይዘጋጃል ብዬ ነው። በ1997 ፕላዝማ ሲገባ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት ይመጣል። እኔ ጥቂት ደቂቃ አስተዋውቃለሁ፣ ከዚያ ቴሌቪዥኑ ይቀጥላል። ልጆቹ አንዱን ምሳሌ ጽፈው ሳይጨርሱ ሌላው ይመጣል። ቁም አይባል ነገር! ሒሳብና ሳይንስን ለገጠር ልጅ ለማድረስ የታሰበ ትልቅ ሥራ ነበር። መምህሩን ግን ዳር አቁሞ ነው የተጀመረው። አሁንም 25 ፔሬድ ላይ ሌላ ቢደረብ፣ መምህሩ ክፍል ይገባል እንጂ ተዘጋጅቶ አይገባም።

አሁን ወደ መጽሐፉ እንምጣ። የ12ኛ ክፍል ሒሳብ መጨረሻው ምዕራፍ ላይ ሒሳብ በንግድ ውስጥ የሚሠራበትን ያስተምራል። ወለድ፣ ቁጠባ፣ ብድር፣ ግብር፣ ሁሉም አለ። ፈተና ሲቃረብ ግን ብዙ ቦታ በጥድፊያ ይታለፋል፤ ወይም «ራሳችሁ አንብቡት» ይባላል። የመጀመሪያው ምዕራፍ ደግሞ ስለ ተከታታይ ቁጥሮች ነው። ሁለቱን ለምን አራራቅናቸው? 10,000 ብር በዓመት 7 በመቶ ሲወልድ 10,700፣ ከዚያ 11,449፣ ከዚያ 12,250 ብር ከ43 ሳንቲም ይሆናል። እያንዳንዱ የፊተኛው በ1.07 ሲባዛ ነው። ይኸው ጂኦሜትሪክ ሲኩዌንስ! በጥቅምት ይህን ስታስተምር ወለዱን አብረህ አስተምረው። አንድም ፔሬድ ሳትጨምር ቢዝነስ አስገባህ ማለት ነው።

ምሳሌው ከቤታቸው ይምጣ። 12 ሰው በየወሩ 1,000 ብር የሚጥልበት ዕቁብ ሰሌዳ ላይ ጻፍላቸው። መጀመሪያ የደረሰው ሰው 12,000 ብሩን በዚያው 7 በመቶ ባንክ ቢያስቀምጠው፣ የመጨረሻው ዕጣ እስኪወጣ ባሉት 11 ወራት 770 ብር ወለድ ያገኛል። መጨረሻ የደረሰው ግን ያንኑ 12,000 ብር ብቻ ይወስዳል። ከዚያ ጠይቃቸው፦ ቀድሞ የደረሰው ዕጣውን ለመጨረሻው ልሽጥ ቢል፣ ስንት ቢለው ያዋጣዋል? የጤፍ ዋጋ በዚያ መሐል ቢጨምርስ? ዕቁብተኛ እናት ያላት ልጅ ከክፍሉ አንደኛ የሚወጣውን ልጅ ስትሞግት ታያለህ። እኔ የማስተማር ደስታ ያየሁት እንዲህ ባለው ሰዓት ነው።

ሌላም አለ። ቫት ጨምሮ 1,150 ብር የተባለ ዕቃ ቫቱ ሲነሳ ስንት ነው በላቸው። አብዛኞቹ ከ1,150 ላይ 15 በመቶ ቀንሰው 977 ብር ከ50 ይሉሃል። መልሱ 1,000 ነው። ለምን እንደሆነ እስኪገባቸው አትለፋቸው። ነገ ሱቅ የሚከፍቱት እነሱ ናቸው።

ስለ ሳይንሱ አጭር ነገር ልበል። ላብራቶሪ የለንም ለሚል የኬሚስትሪ ባልደረባህ ከርከዴ እንዲያፈላ ንገረው። ከቀዘቀዘ በኋላ ግማሹ ላይ ሎሚ ሲጨመር ይበልጥ ይቀላል። ሌላው ግማሽ ላይ የአመድ ውኃ ሲጨመር ቀለሙ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። አሲድና ቤዝን ልጆቹ በዓይናቸው ያያሉ።

የ9ኛው ኢኮኖሚክስ ግን «ያው ቁጥር» አይደለም። የፍላጎት ኩርባውን፣ ማለትም በየዋጋው ሰው ምን ያህል መግዛት እንደሚፈልግ የሚያሳየውን መስመር፣ አሳምረህ ትስላለህ። አንዱ ልጅ ተነስቶ «ዋጋው ሳይቀየር ኩርባው ለምን ወደ ቀኝ ይሄዳል?» ካለህ ግን መልሱ ከሒሳብ ዲግሪህ አይገኝም። ስለዚህ በደፈናው እምቢ አትበል። ቅዳሜውን ከያዝኩ ኢኮኖሚክሱን አልችልም፤ ኢኮኖሚክሱን ካስያዛችሁኝ ከ12ኛው አንድ ሴክሽን ይነሳልኝ፣ ክረምቱንም ልዘጋጅበት፣ መጽሐፉና የመምህር መምሪያው አሁኑኑ ይሰጠኝ በል። ቅጥር እስኪፈጸም ለአንድ ሴሚስተር ብቻ መሆኑም በቃለ ጉባኤ ይያዝ። የቅዳሜውን ቱቶሪያል ደግሞ የሒሳብ መምህራን በየሳምንቱ እየተፈራረቃችሁ ያዙት።

ርዕሰ መምህሩ ጋ ስትሄድ የሒሳብ ትምህርት ክፍል ተጠሪህን ይዘህ ሂድ። የምታስተምርበትን የሰዓት ድልድልም አሳያቸው፤ 25ቱን ፔሬድ አንድ በአንድ ይዩት።