መልስ፦ ጃንዋሪ 15 ምን ተፈጠረ?

ጃንዋሪ 15 ላይ የሚታወስ ለየት ያለ ታሪክ አለ ወይ ላልከው፣ አለ እንጂ! በአሜሪካዋ ቦስተን ከተማ የደረሰው የሞላሰስ (ከስኳር ምርት የሚተርፍ ወፍራም ጣፋጭ ፈሳሽ) ጎርፍ። እ.ኤ.አ. በ1919 በዚያ ቀን ቁመቱ 15 ሜትር ገደማ የሆነ የብረት ታንከር ድንገት ፈነዳ። ከ8 ሚሊዮን ሊትር በላይ ሞላሰስ በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር ገደማ እየተምዘገዘገ ሰፈሩን አጥለቀለቀው። ቀልድ ይመስላል፤ ግን 21 ሰው ሞቷል፣ 150 ያህል ቆስሏል።

የሚያናድደው የባለቤቶቹ ነገር ነው። ታንከሩ ከመጀመሪያውም ያንጠባጥብ ነበር። ኩባንያው በደንብ በመጠገን ፈንታ ፍሳሹ እንዳይታይ ቡናማ ቀለም አስቀባው! ኋላም አናርኪስቶች (መንግሥት የሚባል ነገር አያስፈልግም የሚሉ ሰዎች) በቦምብ አፈነዱት ብሎ ድርቅ አለ። ክርክሩ ተቀባይነት አላገኘም፤ ካሳ ከፈለ። ጽዳቱማ ሌላ ጣጣ ነበር። ያን ሁሉ የሚያጣብቅ ነገር በባሕር ውሃ ነው ያጠቡት።