ፔፐራችሁን ለኮንፈረንስ ስታዘጋጁ (ለወሎ ልጆች)

የኔ ሸጋዎች እንዴት ናችሁ፣ ደሴም ኮምቦልቻም ወልዲያም ያላችሁ፣ ማስተርሳችሁን ጨርሳችሁ ወይ ልትጨርሱ ዳር ደርሳችሁ "ጋሼ ይቺን ፔፐር እስቲ ይዩልኝ" እያላችሁ በቴሌግራም የምትልኩልኝ ልጆች። አየዋለሁ፣ አብሽሩ። ግን ለእያንዳንዳችሁ አንድ አይነት ነገር መልሼ መላልሼ ከምፅፍ አንዴ ሰብሰብ አድርጌ ልበለውና እናንተው ተቀባበሉት።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከሚላክልኝ ውስጥ አብዛኛው ስራው ደህና ነው። ልጁ ወረዳ ወርዶ ዳታ ሰብስቧል፣ ላብ ውስጥ አምሽቷል፣ ሞዴሉን አሰልጥኗል። ችግሩ የላከው ነገር ገና ፔፐር አለመሆኑ ነው። መቶ ምናምን ገፅ ቴሲስ ነበረው፣ ኮንፈረንሱ ደግሞ ከ6 ገፅ በላይ አልቀበልም አለ፣ እና ልጁ ከየምዕራፉ አንዳንድ አንቀፅ እየቆረጠ ለጠፈና 6 ገፅ ሞላው፣ አለቀ። ጋቢ ስለተቀደደ ሸሚዝ አይሆንም'ኮ። ከቴሲሱ ውስጥ አንድ ጥያቄ ነው የሚመረጠው። እንበልና አንዷ ስለ ቦርከና ወንዝ ውሃ ጥራት ሰርታለች፣ ቴሲሷ ላይ የብረት ይዘቱም አለ፣ የክረምትና የበጋ ልዩነቱም አለ፣ የገበሬው አስተያየትም አለ፣ የፖሊሲ ምክረ ሀሳብም አለ። ለኮንፈረንሱ የሚሆነው "ወንዙ ከኮምቦልቻ በላይና ከኮምቦልቻ በታች በበጋ ምን ያህል ይለያያል" የሚለው ብቻውን ነው። ሌላው ይቅር፣ ለሌላ ፔፐር ይቆይ። ይሄን ስላት ፊቷ ይጠቁራል፣ ምክንያቱም ለገበሬው መጠይቅ ስንት ቀን በእግሯ ሄዳለች። ይገባኛል። ግን ሪቪወሩ (ፔፐሩን የሚገመግመው ሰው) የሄድሽበትን እግር አይቆጥርልሽም፣ የሚያየው ጥያቄና መልስ ነው።

ለዚህ ነው ቴምፕሌቱን (ኮንፈረንሱ የሚሰጣችሁን የፔፐር ቅርፅ ፋይል) መጨረሻ ላይ ሳይሆን ገና አንድ መስመር ሳትፅፉ አውርዱ የምለው። ሰው ፎርማቲንግ ሲባል የማሳመር ስራ ይመስለዋል፣ ሰብሚት ከመደረጉ በፊት ባለው ሌሊት የሚሰራ። የገፁ ገደብ ግን ምን ማስገባት እንዳለባችሁ ከአድቫይዘራችሁ በላይ ይነግራችኋል። የአይትሪፕልኢው (IEEE፣ ብዙ የቴክኖሎጂ ኮንፈረንስ የሚያዘጋጀው የመሐንዲሶች ማህበር) ቴምፕሌት ሁለት ኮለም ነው፣ ፅሁፉ በታይምስ ኒው ሮማን 10 ነጥብ፣ 6 ገፅ ማለት ምስልና ሰንጠረዥ ሲገባበት በግምት 4 ሺህ ቃል ገደማ ነው። ያን ስታውቁ ኢንትሮዳክሽኑን "ኢትዮጵያ በአፍሪካ ቀንድ የምትገኝ በግብርና ላይ የተመሰረተ ኢኮኖሚ ያላት አገር ናት" ብላችሁ አትጀምሩም፣ ቦታ የላችሁማ።

ደግሞ ሁሉም ኮንፈረንስ አይትሪፕልኢ አይደለም። ባህር ዳር የሚካሄደውን አይካስት ብትወስዱ ፕሮሲዲንጉ (የቀረቡት ፔፐሮች ጥራዝ) የሚወጣው በስፕሪንገር አሳታሚ ነው። የስፕሪንገሩ ቴምፕሌት አንድ ኮለም ነው፣ የፅሁፉ ቦታ 12.2 በ19.3 ሴንቲሜትር። ስለዚህ የት እንደምትልኩ ሳትወስኑ "ፎርማት አድርጌ ልጠብቅ" ማለት አይሰራም፣ በሁለት ኮለም ልክ የተሰራ ሰንጠረዥ በአንድ ኮለም ሲገባ ይበታተናል፣ እኩሌታውም ይዘላል፣ እና ሌላ ሳምንት ይበላችኋል። ወርድ ይሻላል ወይ ላቴክ (ፅሁፉን በትእዛዝ የሚያቀናብረው ፕሮግራም) ለምትሉኝ፣ ብዙ እኩሌታ ካለባችሁ ላቴክ፣ ከሌለ ወርድ ይበቃችኋል፣ በዚህ መጨቃጨቅ ስራ መፍታት ነው። ኦቨርሊፍ (ላቴክ በኢንተርኔት የሚፃፍበት ድረ ገፅ) የምትጠቀሙ ግን መብራትና ኔትወርክ ባላችሁበት ሰአት ሁሉ ፋይሉን ወደ ኮምፒውተራችሁ አውርዱት፣ የኛን አገር ኔትወርክ ታውቁታላችሁ።

ቴምፕሌቱ ውስጥ የተፃፈውን ደግሞ አንብቡት እንጂ ዝም ብላችሁ በላዩ ላይ አትፃፉ። የአይትሪፕልኢው የራሱ መመሪያ እዛው ሰውነቱ ውስጥ አለ፣ ርዕስና አብስትራክት ላይ ምልክት፣ የግርጌ ማስታወሻና ሂሳብ አታስገቡ ይላል፣ መጨረሻው ላይም የቴምፕሌቱን ፅሁፍ አጥፍታችሁ ላኩ ብሎ ያስጠነቅቃል። ይሄን የማያነብ ሰው ነው ኪወርድ ላይ "ኮምፖነንት፣ ፎርማቲንግ፣ ስታይል፣ ስታይሊንግ፣ ኢንሰርት" የሚለውን እንዳለ ትቶ የሚልከው፣ ይህ የቴምፕሌቱ ናሙና ነው እኮ! እንደዛ ሆኖ የታተመ ፔፐር ዛሬም ፈልጋችሁ ታገኛላችሁ። ሪቪወር ይሄን ሲያይ የሚያስበው ኪወርዱን ብቻ አይደለም፣ "ዳታውንስ እንዲህ ነው የያዘው?" ይላል። እኔም እላለሁ፣ አልዋሽም።

ምስል ላይ ትንሽ ልቆይ፣ እዚህ ላይ ነው በጣም የምናደደው። በሁለት ኮለም ፔፐር የአንዱ ኮለም ስፋት 8.9 ሴንቲሜትር አካባቢ ነው፣ ከመሀል ጣታችሁ ብዙም አይበልጥም። አሁን ሁላችሁም ቴሲስ ላይ የምታደርጉትን የጥናት ቦታ ካርታ አስቡት፣ ከላይ ኢትዮጵያ፣ ከጎን አማራ ክልል፣ ከታች ደቡብ ወሎ፣ ከዛ ወረዳው፣ ሁሉም በአንድ ምስል፣ ከነ ሰሜን ቀስቱ ከነ ስኬሉ። ይሄ 8.9 ሴንቲሜትር ውስጥ ሲገባ የወረዳው ስም ጉንዳን ሆኖ ይቀራል። ወይ ወረዳውን ብቻ አስቀሩ፣ ወይ ካርታውን ጭራሽ አውጡትና ኬክሮስና ኬንትሮሱን በአንድ መስመር ፃፉ። ምስል ላይ ያለ ፅሁፍ 8 ነጥብ እንዲሆን ነው የሚመከረው፣ ግራፉን ከመጀመሪያው በዛ ስፋት ስሩት፣ ትልቅ ሰርታችሁ አትጨፍልቁት። ከኤስፒኤስኤስ ላይ በስልክ ፎቶ የተነሳ ግራፍ የሚልክልኝም አለ፣ ስሙን አልጠራም፣ ራሱን ያውቃል። የሰንጠረዥ ርዕስ ከላይ፣ የምስል ርዕስ ከታች፣ እኩሌታ ደግሞ በስክሪንሾት አይለጠፍም። አንድ ጊዜ በጥቁርና ነጭ ፕሪንት አድርጋችሁ እዩት፣ ፒያሳ ላይ ለጥቂት ብር ያወጡላችኋል፣ ቀዩና አረንጓዴው መስመር ያኔ አንድ ይሆንባችኋል።

አሁን የትኛውም የፈረንጅ መመሪያ ላይ የማታገኙትን ልንገራችሁ።

ስማችሁ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፣ ሲስተሙ ግን አለ ብሎ ነው የሚያስበው፣ ስለዚህ የአባታችሁ ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይገባና "መሐመድ" የሚባል ደራሲ በሺህ ይቆጠራል፣ ወሎ ላይማ አስቡት። ሰይድን በእንግሊዝኛ በሶስት አራት መንገድ የምትፅፉ፣ ሑሴንንም እንዲሁ፣ አንዱን ምረጡና እስከ ዕድሜ ልክ እሱው ይሁን። ምርጫችሁም ፓስፖርታችሁ ላይ ያለው ይሁን፣ ምክንያቱም የግብዣ ደብዳቤው የሚወጣው ፔፐሩ ላይ ባለው ስም ነው፣ ቪዛው ደግሞ በፓስፖርቱ። ከዛ ኦርኪድ (ORCID፣ የተመራማሪ መለያ) ክፈቱ፣ ነፃ ነው፣ 16 አሃዝ ያለው ቁጥር ይሰጣችኋል፣ ሺህ መሐመድ ቢኖር የእናንተ ፔፐር ከእናንተ አይጠፋም።

ዘመን አቆጣጠሩ። "ዳታው ከመስከረም እስከ ታህሳስ 2015 ተሰበሰበ" ብላችሁ ወሩን በእንግሊዝኛ ተርጉማችሁ አመቱን እንዳለ ከተዋችሁት ሪቪወሩ ዳታችሁን ሰባት ስምንት አመት አስረጀው ማለት ነው። እሱ በነሱ ከሴፕቴምበር 2022 እስከ ጃንዋሪ 2023 መጀመሪያ ነው። ወሩን ብቻ ሳይሆን አመቱ የሚቀየርበትንም ልብ በሉ፣ ከታህሳስ መጨረሻ ጀምሮ ልዩነቱ 7 ሳይሆን 8 ይሆናል። በልግ ስትሉም እንዲሁ፣ ለኛ ደጋው ላይ በልግ ምን እንደሆነ ማንም ያውቃል፣ ኦስሎ ያለ ሰው ግን ከፌብሩዋሪ እስከ ሜይ ያለ አጭር ዝናብ መሆኑን ካልፃፋችሁለት አያውቅም። ጥማድን ወደ ሄክታር ቀይሩ፣ በተለምዶ አራቱ ጥማድ አንድ ሄክታር ነው የሚባለው፣ ግን እናንተ በሄዳችሁበት ቀበሌ ገበሬው ጥማድ የሚለው ምን ያህል እንደሆነ ለክታችሁ ከሆነ የለካችሁትን ፃፉ፣ እሱ ይበልጣል።

ፊደላችን። በአማርኛ ቋንቋ ላይ የምትሰሩ የኮምፒውተር ሳይንስ ልጆች በተለይ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው 1999 በነሱ አቆጣጠር ነው፣ ከዛ በፊት በፓወር ግዕዝና በመሳሰሉት የድሮ መፃፊያዎች የተፃፈ ነገር ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደል ቁርጥራጭ ነው የሚሆነው። የቆየ ፋይል ካላችሁ መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ ይቀየር። ላቴክ ላይ ደግሞ በተለመደው ፒዲኤፍላቴክ ግዕዝ በቀላሉ አይወጣም፣ ዚላቴክ ወይ ሉዋላቴክ አድርጉትና አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ኢትዮፒክ ፎንት ስጡት። ኮንፈረንሱ በፒዲኤፍላቴክ ብቻ ካለ ምሳሌዎቹን ለብቻ በቬክተር ምስል አውጥታችሁ አስገቡ። እና ፒዲኤፉ ውስጥ ፎንቶቹ ሁሉ ኢምቤድ (ፋይሉ ውስጥ አብረው የገቡ) መሆናቸውን አረጋግጡ፣ አይትሪፕልኢ ለካሜራ ሬዲው (ለመጨረሻው የህትመት ቅጂ) ፒዲኤፍ ኤክስፕረስ የሚባል መፈተሻ አለው፣ ፎንቱ ካልገባ ይመልሰዋል።

ሰአቱ ደሞ። ዴድላይኑ ጎን "ኤኦኢ" (AoE) ተብሎ ካያችሁ ምድር ላይ ቀኑ ከሁሉም ዘግይቶ በሚያልቅበት ቦታ ሰአት ማለት ነው፣ ከኛ በ15 ሰአት ወደ ኋላ ነው። ስለዚህ "ማርች 10 ሌሊት 11:59" ካለ በኛ በማግስቱ ከቀኑ 9 ሰአት ሊሞላ አንድ ደቂቃ ሲቀረው ነው የሚዘጋው። ይሄን አውቃችሁ ግን እስከዛ እንዳትጠብቁ! ለራሳችሁ ዴድላይኑ አንድ ቀን ቀድሞ ያለው ምሽት ነው በሉ፣ መብራት ጄኔሬተር የሌለበት ቦታ ላይ የሚሄድበትን ሰአት ማንም አያሳውቃችሁም። ፔፐር በሚጫንባቸው ድረ ገፆች፣ ኢዚቼር ላይም ሲኤምቲ ላይም፣ ቀድማችሁ ያላለቀውን መጫን ትችላላችሁ፣ ዴድላይኑ እስኪደርስ ድረስ በአዲሱ ትተኩታላችሁ። ከጫናችሁ በኋላ የጫናችሁትን መልሳችሁ አውርዳችሁ በሌላ ሰው ስልክ ክፈቱት።

ሪቪው ደብል ብላይንድ ከሆነ (ገምጋሚውም ደራሲውም የማይተዋወቁበት) ስማችሁን ከፔፐሩ ላይ ማጥፋት ብቻ አይበቃም። "ባለፈው ስራችን እንዳሳየነው" የሚለው ያጋልጣል፣ ምስጋናው ያጋልጣል፣ የስነምግባር ፈቃዱ ላይ ያለው የዩኒቨርሲቲ ስም ያጋልጣል፣ ኮዱን ያስቀመጣችሁበት ጊትሃብ ላይ ያለው ስማችሁ ያጋልጣል፣ የፒዲኤፉ ፕሮፐርቲ ውስጥ የተቀመጠው ስምም አለ። ይሄን ሳያጠፉ ልከው ሳይነበብ የሚመለስባቸው አሉ፣ ያሳዝናል።

ሪፈረንስ ላይ አጭር ነው የምናገረው። ሪፈረንስ የሚይዙላችሁን ዞተሮ ወይ ሜንደሌይ ተጠቀሙ፣ ከጉግል ስኮላር የምታወርዱትን ግን አታምኑት፣ የኮንፈረንስ ስም ይጎድለዋል፣ አመት ይሳሳታል። ቻትጂፒቲ የሰጣችሁን ሪፈረንስ ደግሞ ዲኦአዩን (DOI፣ የፔፐሩን ቋሚ መለያ ሊንክ) ከፍታችሁ ፔፐሩን በአይናችሁ ካላያችሁ አታስገቡ፣ የሌለ ደራሲ የሌለ ርዕስ ይፈጥራል፣ በራሱም ተማምኖ። ፅሁፍ ከፃፈላችሁም አይትሪፕልኢ ምስጋናው ክፍል ላይ የትኛው ክፍል በምን እንደተሰራ ግለፁ ይላል፣ ግለፁ። እንግሊዝኛ ማስተካከል ነውር አይደለም፣ መደበቁ ነው ነውሩ።

እና አንድ የሚያሳስበኝ ነገር፣ በሁለት ቀን ውስጥ "ተቀብለናል፣ ክፍያ ፈፅሙ" የሚሉ ኮንፈረንሶች አሉ። በሁለት ቀን ማንም ፔፐር አያነብም። ከመላካችሁ በፊት ያለፉት አመታት ፕሮሲዲንጎች እነሱ አሉ በሚሉት ቦታ፣ አይትሪፕልኢ ኤክስፕሎር ላይም ሆነ ስፕሪንገርሊንክ ላይ፣ በእውነት መኖራቸውን ፈልጉ። ከሌሉ ገንዘባችሁን ለቤተሰብ ስጡበት። እውነተኛው ላይ ስትቀበሉ ደግሞ የተማሪ ቅናሽ ወይ ድጋፍ መኖሩን ኢሜይል ፅፋችሁ ጠይቁ፣ የወሎ ሰው ይሉኝታ አለበት አውቃለሁ፣ ግን ያልጠየቀ አይሰጠውም፣ እነሱም ለዚሁ ብለው ያስቀመጡት በጀት ይኖራል። አይሲኤልአር የሚባለው ትልቁ የማሽን ለርኒንግ ኮንፈረንስ በ2020 አዲስ አበባ ሊሆን ነበር በኮቪድ ኦንላይን ሆነ፣ በ2023 ኪጋሊ ላይ ተደረገ፣ ማለትም ወደኛ አካባቢም ይመጣል፣ ሁልጊዜ አውሮፓ ካልሄድኩ አትበሉ። የተመዘገባችሁበትን ግን ቀርታችሁ ሳታቀርቡ እንዳትተዉት፣ አይትሪፕልኢ ያልቀረበን ፔፐር ከኤክስፕሎር ላይ ሊያስቀረው ይችላል፣ መሄድ ካልቻላችሁ ቀድማችሁ ፃፉላቸው፣ ኦንላይን ያቀርቡ የሚሉ ብዙ ናቸው፣ ወይ አብሮ ደራሲያችሁ ይቅረብ።

ለኔ ስትልኩልኝ በወርድ አትላኩ፣ ስልኬ ላይ ይበታተናል፣ ፒዲኤፍ ላኩ፣ የኮንፈረንሱን ሊንክና የገፅ ገደቡን ከስሩ ፃፉልኝ፣ ጥያቄያችሁንም በአንድ አረፍተ ነገር። ጁምአ ከሰአት ስልክ አልነካም፣ ቅዳሜ ጠዋት ግን ቡናው እስኪፈላ አነባለሁ።