አሮጌ የቁማር ማሽን ለምትጠግኑ ልጆች፦ የባትሪውን ነገር አደራ

ውድ ልጆቼ፣

እዚህ ላስ ቬጋስ የትኛውም ካዚኖ ብትገቡ የእኛ ሰው አይጠፋም። እኔም ዕድሜዬን የገፋሁት በቁማር ማሽን ጥገና ነው። ከመካከላችሁ አንዳንዶቹ በፈረንጆቹ 1980ዎቹና 1990ዎቹ የተሠሩ ማሽኖችን ገዝታችሁ ማደስ መጀመራችሁን ስሰማ ደስ ብሎኛል። (መጫወቱን ለሌሎች ተዉላቸው፤ ማሽኑ ለማን እንደሚያደላ የሚያውቅ ጠጋኝ አይጫወትም።) ታዲያ ሁላችሁም የምትጠይቁኝ ስለ መብራቱና ስለሚሽከረከረው ከበሮ ነው። ስለ ባትሪው የጠየቀኝ የለም።

ቻርልስ ፌይ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የሠራው ሊበርቲ ቤል ባትሪ አላስፈለገውም፤ በሞላና በጥርስ የሚሄድ ብረት ነበር። ኮምፒውተር ከገባ ወዲህ ግን ማሽኑ የሚያስታውሰው ነገር በዛ። ስንት ሳንቲም ገባ፣ ስንት ተከፈለ፣ ተጫዋቹ ስንት ቀረው፣ የመጨረሻው ዙር ምን ላይ ቆመ። መብራት ድንገት ቢቋረጥ ይህ ሁሉ መጥፋት የለበትም፤ ከጠፋ ተጫዋቹም ሒሳብ ክፍሉም ይጮኻሉ። ስለዚህ ማሽኑ ሲጠፋ የሚሞሪውን ቺፕ በሕይወት የሚያቆይ ትንሽ ባትሪ ቺፖቹን በተሸከመው ሰሌዳ (ቦርድ) ላይ ተበየደ። ቺፑ የሚሠራው በ5 ቮልት ቢሆንም፣ የያዘውን ላለመልቀቅ ብዙውን ጊዜ 2 ቮልት ገደማ ይበቃዋል።

ይህ አሠራር የታሰበው ለካዚኖ ነው። እዚያ ማሽን ቀንና ሌሊት በርቶ ስለሚያድር ባትሪው ሁልጊዜ ሙሉ ነው፤ መኖሩንም የሚያስታውስ የለም። እናንተ ግን ጋራዥ ውስጥ ታስቀምጡትና እንግዳ ሲመጣ ብቻ ታበሩታላችሁ። የእነዚህ ማሽኖች የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ምንም ሳይነካ ተቀምጦ እንኳ በየወሩ ከያዘው 10 በመቶና ከዚያ በላይ ያጣል፤ ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። የኔቫዳን የሐምሌ ጋራዥ ታውቁታላችሁ።

ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ቦርዶች ባለ 1.2 ቮልት ሦስት ሕዋሶች ተያይዘው 3.6 ቮልት የሚሰጡበት ባትሪ አላቸው። የሚሞላው ማሽኑ ሲበራ ነው፤ ቦርዱ የሚልክለት ኃይል እጅግ ትንሽ በመሆኑ ግን አሥር ደቂቃ አብርቶ ማጥፋት ምንም አይጠቅምም። ባዶ የሆነውን ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን፣ ቢቻል ከዚያም በላይ አብርታችሁ ተዉት። ከዚያ በኋላ በየወሩ አንድ ሌሊት በርቶ ይደር። ቸኩላችሁ በመኪና ባትሪ መሙያ የምትሞክሩ ካላችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። ከሞላ በኋላ ማሽኑን አጥፉ፣ በቴስተር ለኩ፣ በማግስቱ ድገሙት። በአንድ ሌሊት ብዙ ከወረደ ባትሪው አርጅቷል፤ ከዚህ በኋላ ማብራት ማጥፋቱ ልፋት ብቻ ነው።

ከባዶ ባትሪ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ የሚያፈሰው ነው። ከውስጡ የሚወጣው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የቦርዱን የመዳብ መስመር እንደ ምስጥ ውስጥ ለውስጥ ይበላዋል፤ ላይ ላዩን የምታዩት ትንሽ አረንጓዴ ወይም ነጭ ዱቄት ብቻ ነው። እሱን ስታዩ ነገ እሠራዋለሁ አትበሉ፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ማሽኑን ከሶኬት ንቀሉ፣ ቦርዱን አውጡ፣ ጓንትና መነጽር አድርጉ፣ ባትሪውን አንሱ። ፈሳሹ አልካላይን ስለሆነ በትንሽ አቼቶ አጥቡት፤ አቼቶውን ደግሞ በንጹሕ ውኃ፣ በመጨረሻም በአልኮል አስለቅቁት። በደንብ ሳይደርቅ ኤሌክትሪክ አይድረሰው። አቼቶውን ቀብተው ሳያጥቡ የሚተዉ ጠጋኞች አሉ፤ ሥራቸው በዓመቱ ተመልሶ እኔ ጋ ይመጣል።

ባትሪው ሲነሳ ሚሞሪው እንደሚጠፋ አስቀድማችሁ እወቁ። ማሽኑ አሁንም የሚሠራ ከሆነ የቆጣሪዎቹንና የምርጫዎቹን ገጽ ፎቶግራፍ አንሱ። አንዳንዱ ማሽን ሚሞሪው ከጠፋ በኋላ ለዚሁ በተዘጋጀ ቺፕ ካልተጠረገ አልነሳም ይላል። ያንን ቺፕ ፈልጋችሁ እጃችሁ ሳታስገቡ የመበየጃ ካውያ አታሙቁ።

በምትኩ ምን ይግባ? ቮልቱ ከገጠመ የኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ባትሪ በአብዛኛው ይሠራል። የእኔ ምርጫ ግን ባትሪውን ከቦርዱ አርቆ በሽቦ ማገናኘት ነው፤ ቢያፈስ እንኳ የሚያበላሸው የፕላስቲክ መያዣውን ብቻ ነው። እዚያ የማይሞላ ባትሪ ካስገባችሁ፣ ሊቲየምም ይሁን ተራው፣ ከቦርዱ የሚመጣውን ኃይል የሚያግድ ዲዮድ ግዴታ ነው። ዲዮድ የሌለው ሊቲየም ሊፈነዳ ይችላል። ዲዮዱ ከባትሪው ቮልት ላይ ጥቂት እንደሚቀንስ አትርሱ፤ የባትሪዎቹን ብዛት ስትወስኑ አስቡበት።

ያነሳችሁት አሮጌ ባትሪ ካድሚየም አለበት፣ ካድሚየም ደግሞ መርዝ ነው። ከቤት ቆሻሻ ጋር አትጣሉት፤ ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍናችሁ የሚሞሉ ባትሪዎችን ለሚሰበስብ የዕቃ መደብር ስጡ።