ለሚደልቡ በሬዎች ኢንዛይም ልጨምር ወይ? ላልከው

«ለዶሮ የሰራልኝ ኢንዛይም ለሚደልቡት በሬዎቼም ይሰራል?» ላልከው፣ እሱን እዛው ዶሮዎቹ ጋ ተወው። ዶሮ ፋይቴዝ (በእህል ውስጥ የታሰረውን ፎስፈረስ የሚፈታ ኢንዛይም) በበቂ ስለማታመርት ከውጭ ይሰጣታል። የበሬ ጨጓራ ግን ይህንኑ የሚያመርቱ ባክቴሪያዎች ሞልተውበታል፣ ስለዚህ «ለቀባሪው አረዱት» ነው የሚሆነው።

ለከብት የሚዘጋጀው በአብዛኛው ሴሉሌዝና ዛይላኔዝ ነው፤ የመኖውን አሰር ይፈታሉ። ስታርች (የጥራጥሬው ዱቄታማ ክፍል) ላይ የሚሰራ አሚሌዝም አለ። ውጤቱ ግን ወጥ አይደለም፣ አንዱ ጋ ክብደት ሲጨምር ሌላው ጋ ምንም ለውጥ አይታይም። እውነቱን ለመናገር ሻጮቹ ይህን ቶሎ አይነግሩህም።

ልትሞክረው ከወሰንክ አሰጣጡ ላይ ተጠንቀቅ። ፈሳሽ ከሆነ ደረቁ መኖ ላይ ከመመገብህ በፊት እርጨውና በደንብ አደባልቀው፤ ከመኖው ጋር ቀድሞ ሲጣበቅ ጨጓራ ውስጥ ቶሎ አይፈርስም። መኖህ በሙቀት ተጨምቆ የሚሰራ ከሆነ ደግሞ ከዚያ በኋላ ጨምር፣ ምክንያቱም ኢንዛይም ፕሮቲን ነው፣ ሙቀት ያበላሸዋል። መጠኑን በራስህ አትጨምር፣ ሲበዛ ውጤቱ የሚቀንስበት ጊዜም አለ።

አንድ ነገር ግን፣ በሬዎቹ ጥራጥሬ በድንገት በዝቶባቸው ጨጓራቸው አሲድ ከሆነ ኢንዛይም አያድንህም። መጀመሪያ ድርቆሹን አስተካክልና ጥራጥሬውን ቀስ እያልክ ጨምር። ከዚያ ተመሳሳይ በሬዎችን ለሁለት ከፍለህ ለአንዱ ወገን ብቻ ስጥና መዝናቸው። የበሉትንም መዝግብ እንጂ በዓይንህ ብቻ አትፍረድ።