ጥንብ አንሳውን የጣለው በሽታ አይመስለኝም

ጥያቄ፦ «ከሰሜን ሸዋ ነው የምጽፈው። ሰሞኑን ከቤታችን በታች ሁለት ጥንብ አንሳና አንድ ጭልፊት ወድቀው አገኘን። አንዱ ሲንቀጠቀጥ ቆይቶ ሞተ። ጎረቤቶቼ የሚጥል በሽታ ነው ይላሉ። ወደ ዶሮዎቼ ይተላለፍ ይሆን? ዶሮዎቹ እስካሁን ደህና ናቸው። ባለፈው ሳምንት ጅብ አህያችንን በላብን፤ ከዚያ ወዲህ ግን አልመጣም።»

መልስ፦ አባቴ፣ ስለ አህያው እግዜር ይተካልዎት። አህያ ያጣ ቤት ምን እንደሚጎድልበት አውቃለሁ።

ከደብዳቤዎ ዓይኔ ያረፈው «ከዚያ ወዲህ ግን አልመጣም» ያሉት ላይ ነው። የቀመሰ ጅብ ይመለሳል። ካልተመለሰ አንድ ነገር አግኝቶታል። የኔ ግምት፣ ከአህያው በተረፈው ሥጋ ላይ አንድ ሰው የመዥገር ወይም የተባይ መድኃኒት አፍስሶበታል። እርስዎ ነዎት አላልኩም፤ በጅብ የተማረረ ጎረቤትም ሊሆን ይችላል።

ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ቢሆን መጀመሪያ አንገታቸው የሚጠመዘዘው ዶሮዎችዎ ነበሩ። ሁለት ዓይነት ወፍ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰሞን ሲወድቅ ደግሞ የሚጠረጠረው የበሉት ነገር ነው።

ለመዥገርና ለተባይ የሚረጩት ዲያዚኖንም ሆነ ማላታይን የሚያጠቁት ነርቭን ነው። ጡንቻ ሥራውን ሲጨርስ እንዲያርፍ የሚያደርገውን የሰውነት ቅመም ያግዱታል። ስለዚህ ጡንቻው ሳያርፍ ይኮማተራል፤ ምራቅ ይዝረበረባል፤ በመጨረሻ ትንፋሽ ያጥራል። የሞተውን ወፍ እግር ያስታውሱ እስቲ። ጥፍሮቹ እንደ ቡጢ ጭብጥ ብለው አልነበረም?

አሁን አንድ ሥራ አለ፤ ወጪው ጉልበት ብቻ ነው። የቀረውን ሥጋ፣ ቆዳና አጥንት ከሞቱት ወፎች ጋር ዛሬውኑ ይቅበሩ። ክረምቱ ስለገባ መሬቱ ለስልሷል፣ መቆፈሩ አይከብድም። ነገ ካሉ ግን ዝናቡ መርዙን አጥቦ ወደ ምንጩ ይወስደዋል። ከውኃና ከጎርፍ መሄጃ የራቀ ቦታ ይምረጡ። ጥልቀቱ ከ1 ሜትር ተኩል አይነስ። በባዶ እጅ አይንኩ፤ እጅዎ ላይ ፌስታል ደርበው በአካፋ ያንሱ። ሥጋው የተኛበትንና ወፎቹ ያስመለሱበትን አፈርም ጠርገው እዚያው ይክተቱ። አፈር ከመለሱ በኋላ ድንጋይ ይደርድሩበት፣ ከላዩ የግራር እሾህ ይጫኑበት፤ አለበለዚያ ውሻ ቆፍሮ ያወጣዋል። ጅቡም ቁጥቋጦ ውስጥ ሞቶ ከተገኘ እሱም ይቀበር። የሱን ሥጋ የበላም ሊሞት ይችላልና።

ወደ ገደል መወርወር መቅበር አይደለም። ይህን ስል ብዙ ቦታ ስላየሁት ነው።

ዶሮዎችዎን ለጥቂት ቀን ከቤት አያውጡ፤ ውሻዎንም ይሰሩት። ከወፍ ወደ ዶሮ የሚተላለፍ ነገር አልጠረጠርኩም። ነገር ግን ዶሮ የተመረዘ ፍርፋሪ ለቅማ፣ ሥጋው ላይ የፈላውን ትል በልታ ልትሞት ትችላለች።

በሕይወት ያለ ወፍ ካገኙ፣ ጨርቅ ጣል አድርገውበት በተበሳ ካርቶን ውስጥ ጨለም ያለ ቦታ ያኑሩት። ውኃ በጉሮሮው አያፍስሱ፤ ያንቀዋል። የወረዳው የእንስሳት ሐኪም አትሮፒን የሚባል መርፌ ካለው፣ ቶሎ ከደረሰ ሊያተርፈው ይችላል።

አሁን ትንሽ ልቆጣ። ለመዥገር የተገዛ መድኃኒት ሥጋ ላይ ማፍሰስ በየሄድኩበት የማየው ልማድ ሆኗል። መርዝ ለይቶ አይገድልም። ጥንብ አንሳ በዓመት ብዙውን ጊዜ አንድ እንቁላል ነው የምትጥለው፤ አንድ ጥንብ ላይ ግን መንጋው ሁሉ ይወርዳል። በአንድ ቀን የሞተውን ለመተካት ስንት ዓመት ይፈጃል! እነሱ ሲጠፉ ጥንቡ ለውሻ ይቀራል፤ ውሻ ሲበዛ የእብድ ውሻ በሽታም ይበዛል። ለጅብ መድኃኒቱ ከብቱን ሲመሽ ማስገባትና የበረቱን እሾህ አጥር ከፍና ጠበቅ ማድረግ ነው።

ወፎቹን የነካ ልጅ ካለ እጁን በሳሙና ደጋግሞ ይታጠብ፣ ልብሱም ይቀየር። ቢያስመልሰው፣ ምራቁ ቢበዛ ወይም ቢንቀጠቀጥ ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። የመድኃኒቱ ጠርሙስ ከተገኘ አብረው ይያዙት፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።